የአጅሬ ጥም

ቤተሰቡ መኪናውን «አጅሬ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት አባትየው ናቸው። አጅሬ ደረተ ሰፊ፣ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ጭቃም ዳገትም የማይበግረው የድሮ መኪና ነው። አንድ አመል ብቻ አለበት፤ ቤንዚን ይጠጣል። መጠጣትስ ባልከፋ፣ ይጨልጣል እንጂ።

አባትየው ሲሞቱ አጅሬ የሦስት ልጆቻቸው የጋራ ንብረት ሆነ። ታላቅየው ሾፌር ነው። ከከተማው ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት አስተማሪዎችን ያመላልስበታል፤ መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ስለሆነ ትንንሾቹ መኪኖች አይደፍሩትም። አጅሬ ከሌለ ሥራ የለውም፤ ሌላ ሥራ ሀ ብሎ የሚጀምርበት ዕድሜም አልፎታል። መካከለኛዋ እህት የሒሳብ አስተማሪ ናት። ትንሹ ወንድም ደግሞ ከጓደኛው ጋር የስልክ መሸጫ ሱቅ ሊከፍት ነው። ሊከፍት ነው ሲባል ዓመት አለፈው።

ነገሩን ያነሳችው እህትየዋ ናት። መኪናው የሚያስገባውን ሁሉ መልሶ ራሱ እየጠጣው ለማን ነው የሚጠቅመው፣ ሽጠን እንገላገል አለች። ታላቅየው ያን ቀን ራት አልበላም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ግን አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ አጅሬ በአንድ ሊትር ስምንት ኪሎ ሜትር መሄድ ከቻለ ይቆያል፣ ካልቻለ ይሸጣል። በወቅቱ የሚሄደው አምስት ተኩል ነበር። ስምንት የምትለውን ቁጥር ያወጣቻት እሷው ናት። የሒሳብ ሰው እንዲህ ነው፤ የአባቱን መኪና እንኳን ሳያካፍል አያምንም።

ትንሹ ወንድም የዚያን ለት ከታላቁ ጎን ቆመ። «አይዞህ ጋሼ፣ እኔ አለሁ። አብረን እናስተካክለዋለን» ብሎ ትከሻውን ያዘው። ታላቅየው ሆዱ ባባ። ድሮም ከዚህ ልጅ የሚለየው ነገር አልነበረም።

ሥራው ተጀመረ። ጎማዎቹ በልካቸው ተነፉ። የአየር ማጣሪያው ወጥቶ ሲራገፍ ግቢው በአቧራ ታጠነና ጎረቤት ልብሷን ከገመድ ላይ እየለቀመች ስትራገም ዋለች። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፤ ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ታጠበ። ይህን የሠራለት አብሮ አደጉ መካኒክ ነው። ታላቅየው በበኩሉ አንድም የላላ ነገር እንዳይቀር ብሎ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚንኳኳውን ሁሉ ሳይቀር በፒንሳ አጠበቀ። እግሩንም ገራው። ድሮ ነዳጁን እንደ ጠላት የሚረግጥ ሰው፣ አሁን የተኛ ሕፃን አጠገብ እንደሚያልፍ ሆነ። አስተማሪዎቹ በእግራችን ብንመጣ ቶሎ እንደርስ ነበር እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ እግሩን ግን አይጨምርም።

ቀጥሎ ክብደት መቀነስ መጣ። አንጀቱን የበላው ይሄኛው ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን የዕቃ መጫኛ ብረት አባትየው በገዛ እጃቸው የበየዱት ነው። ከኋላ ያለችውን የእንጨት መቀመጫም ለልጅ ልጆቻቸው ብለው የሠሯት እሳቸው ናቸው። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ ሁለቱም ነዳጅ ይበላሉ። ብረቱን ሲያወርዱ በአንዱ በኩል ታላቅየው፣ በሌላው በኩል ትንሹ ያዙ። «ቀስ ጋሼ፣ ወገብህን» እያለ ትንሹ ያስጠነቅቀዋል። መሬት ሲያስቀምጡትም ብረቱን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ እህህ አለ። ብረት ገዢው ጋሪው ላይ ጭኖት ሲሄድ ታላቅየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በመጀመሪያው ሙሌት በሊትር ሰባት ተኩል ሄደ። ታላቅየው ማደያው ውስጥ ብቻውን ሊጨፍር ምንም አልቀረው። ለትንሹ ሲነግረው እሱም አቅፎ ሳመው። ወዲያው ደግሞ ደክሞሃል ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ እማዬን አርብ አርብ ክሊኒክ የማደርሳት እኔ ነኝ፣ አንተ ከሥራ መልስ ጋደም በል አለው። የእናትየው ጉልበት ይታሻል፤ ክሊኒኩም ሩቅ አይደለም። ታላቅየው ቁልፉን ሰጠው። እሑድ እሑድም ይሰጠው ጀመር።

ቀጣዩ ሙሌት ስድስት ሆነ። የሚቀጥለው ጭራሽ ከአምስት ተኩል አላለፈም።

ታላቅየው ግራ ገባው። ጎማውን በየማለዳው ይለካል፤ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ያሸታል። ነዳጁ በዓይኑ እያየው ያልቃል፤ ቆጣሪው ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ግን ከነዳጁ ጋር አይሄድም። አባትየው በሕይወት ሳሉ ማታ ማታ ቆጣሪውን ሳያዩ አይተኙም ነበር። እሱ ግን የሚያየው ማደያ ሲገባ ብቻ ነው። ቁልፉን በሰጠው ቁጥር ወንድሙን እንደ ሌባ ይጠብቅ እንዴ?

ሲብስበት መካኒኩ ጋራዥ ሄደ። ያገለገለ ካንዴላ አጥበህ አስገብተህብኛል አለው፣ ያውም ደንበኛ ፊት። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ትንሽ አየውና መኪናህን አውጣልኝ ከማለት ሌላ አልመለሰለትም። ታላቅየው መንገዱን ሙሉ ሲሳደብ ሄደ፤ ቤቱ ሲደርስ ግን የተሰደበው እሱ ራሱ መሰለው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ እሑድ በእናትየው ቤት ምሳ ላይ ተሰበሰቡ። እህትየዋ አካፍላ አባዝታ ስታበቃ አምስት ነጥብ አራት አለች። ክፉ ልብ የላትም፤ ስትናገር ድምፅዋ ራሱ ዝቅ አለ። ትንሹ ወንድም ምን ይደረግ፣ የሚቻለውን ሁሉ ሞክረናል ብሎ ተከዘ። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት አስተማሪዎች ለታላቅየው በዓይነ ሕሊናው መጡበት።

እናትየው ወሬው የምሳውን መንፈስ እንዳያበላሽ ይመስላል ጣልቃ ገቡ። እሳቸው ፍጥነት ይፈራሉ። መኪና ሲሳፈሩ ከፊት ይቀመጡና መንገዱን ሳይሆን የፍጥነት መርፌዋን ነው የሚጠብቁት።

«ለአነዳድማ ትንሹን ያየ» አሉ። «አርብ አርብ ሲወስደኝ መርፌዋ ከዜሮ ንቅንቅ አትልም። አንተ ገና ከበር ሳትወጣ ሠላሳ ታስገባታለህ። እሱ ክሊኒክ ድረስ፣ ከዚያም ያን ጨዋ ሰውዬ ዘንድ ሲወስደኝ፣ አንድም ቀን ብድግ አላለችም። ዛፉ ብቻ ነው የሚሮጠው።»

«የትኛው ሰውዬ ነው እማዬ?» አለ ታላቅየው።

«አጅሬን የወደደው ሰውዬ ነዋ። ኮፈኑን እየከፈተ ሲያደንቅልን የሚውለው። ያ ከተማ መውጫው ላይ ያለው።»

እህትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ትንሹ ወንድም ምግቡ ላይ አቀረቀረ። ታላቅየው እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ።

አጅሬ ግቢው ውስጥ ቆሟል። በሩን ከፍቶ በጀርባው ተንጋለለና እጁን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰደደ። የቆጣሪው ገመድ እዚያ ጋ በአንዲት ቀለበት ብሎን ይታሰራል። ብሎኗ ከወለቀች መርፌዋም ትተኛለች፣ ኪሎ ሜትሩም አይቆጠርም፤ መኪናው ግን ይሄዳል፣ ነዳጁም ይነዳል። በራሱ ፒንሳ ያጠበቃት ብሎን በሁለት ጣት ዞረችለት።

እዚያው እንደተንጋለለ ቀረ። ይህችን ብሎን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው። ታላቅየው ጎረምሳ ሳለ የአባቱን መኪና ሰርቆ ሲወጣ፣ አባትየው ቆጣሪውን አይተው እንዳይነቁበት ገመዱን የሚፈታው እሱ ነበር። ትንሹ ያኔ አጠገቡ ይቀመጣል፤ እግሩ ወለሉን አይነካም። አባትየው አንድ ቀን ጠርጥረው ትንሹን ቀበቶ አውጥተው ሲገርፉት ልጁ ትንፍሽ አላለም። ታላቅየው ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ልጅ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው ያየው። አባትየውም ሳያውቁ ሞቱ። ከወንድሙ ጋር ብቻ ያለው ምሥጢር ይህ ነበር፤ ወንድሙም መርጦ መርጦ ያረደው በዚሁ ነው።

ቀና ሲል ትንሹ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ላስረዳህ።»

«እናታችንን ጭነህ?»

«ሱቁ ሊያመልጠኝ ሆነ። ሰውዬው ደግሞ መኪናውን ወደደው፣ ልንሸጥለት ቃል ሰጠሁት። ብጠይቅህ እሺ አትልም ነበር።»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ታላቅየው ሊጮህ አስቦ ነበር፤ የወጣው ድምፅ ግን የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ብረቱን አብረኸኝ አወረድክ» አለው። «የአባቴን ብረት። ወገብህን፣ ወገብህን እያልከኝ።»

እህትየዋ ከበረንዳው ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ወርዳ መጣችና ለትንሹ እጇን ዘረጋችለት፤ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። የተሳሳተ ቁጥር ይዤ አልፈርድም፣ መኪናው ይቆያል አለች። ለእማዬ እንዳይነገር፣ ልቧ አይችለውም ብላም ሁለቱንም አስማለች። ትንሹ ወደ ቤት ሳይመለስ በግቢው በር ወጣ።

እንግዲህ ታላቅየው አሸነፈ። አጅሬ አልተሸጠም፤ ሰኞም አስተማሪዎቹ በሰዓታቸው ደረሱ። እሱ ግን እንደተዘረፈ ሰው ሆኖ ነው የሰነበተው። ብረት ገዢው ዘንድ ሄደ፤ ብረቱ ተቆራርጦ ቀልጧል። መካኒኩ ዘንድም ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። መካኒኩ ይቅር ብያለሁ አለው፤ ሁልጊዜ እንዲቀመጥ የሚያቀርብለትን ዱካ ግን አላቀረበለትም።

አርብ እናቱን ክሊኒክ ለማድረስ ራሱ መጣ። እናትየው ከፊት ተቀምጠው ቀበቶውን አሰሩና ትንሹ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ሥራ በዝቶበት ነው አላቸው። ከግቢው እንደወጡ መርፌዋ ሃያ፣ ከዚያ ሠላሳ ላይ ወጣች። እናትየው በሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ቀስ በል እንጂ! እሱ ሲነዳ እኮ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ታላቅየው እግሩን አነሳ። መርፌዋ ትንሽ ወረደች፤ እየተንቀጠቀጠች ቆመች።

«እንዲህ አድርጎ መንዳት ማን አስተምሮት ይሆን?» አሉ እናትየው፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አለ።

እናትየው ዓይናቸውን ከመርፌዋ ሳይነቅሉ ሳቁ። «ሂድ ወዲያ፣ አንተማ ባወቅህበት» አሉት።