ሕመሙን ዝም ብለሽ እዪው

እማሆይ ሶንዎል ፀጉሯን ከመላጨቷ በፊት ነርስ ነበረች። ሴኡል ከተማ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወጣትነቷን ጨርሳ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቁጭ አለችና መነሣት አቃታት። አላመማትም፤ የሞተባትም ሰው አልነበረም። ዝም ብሎ እግሯ እምቢ አለ። አውቶቡሱ እየመጣ እየሄደ፣ ፀሐይ አናቷ ላይ እስክትወጣ እዚያው ቀረች። በዚያ የምታልፍ አንዲት አሮጊት መነኩሲት አየቻትና፣ "ነይ፣ ትንሽ ሩዝ ቅመሺ" ብላ እጇን ይዛ ወሰደቻት። ያቺ አሮጊት በምሥራቁ ተራራ የአንድ ትንሽ የቡድሃ ገዳም እመምኔት ነበረች። ሶንዎል ለአንድ ሳምንት ብላ ሄዳ በዚያው መነኮሰች።

ያዳናት ትንፋሽ ነው። መቀመጥ፣ ዓይንን ዝቅ ማድረግ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን አየር መከተል። መጀመሪያ ላይ የሞቱባት በሽተኞች ፊት እየመጣ ያስለቅሳት ነበር። እያደር ፊቶቹ መጥተው ሳይነኳት ማለፍ ጀመሩ። ስለዚህ ስታስተምር ያነበበችውን አይደለም፤ ያተረፋትን ነው የምታስተምረው።

ከገዳሙ በታች፣ ሸለቆው አፍ ላይ፣ ድሮ ሆቴል የነበረ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ። በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ያሰቡት ነጥብ ያልመጣላቸው ልጆች ዓመቱን ሙሉ በር ተዘግቶባቸው የሚያጠኑበት አዳሪ ቤት ነው። ስልክ የለም። ወንድና ሴት መነጋገር ክልክል ነው። መስኮቶቹ ከጣት ስፋት በላይ አይከፈቱም። የዚህ ቤት ዳይሬክተር፣ ኳክ የሚባል ወፈር ያለ ሳቂታ ሰው፣ አንድ የሚያዝያ ቀን ላቡን እየጠረገ ወደ ገዳሙ ወጣ።

"እመምኔት፣ ልጆቼ አይተኙም" አለ። "ቢተኙም ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። ባለፈው አንዷ የሂሳብ ወረቀት ስታይ ትንፋሽ አጥሯት ተዘረረች። ሐኪም ዘንድ እንውሰዳቸው ስንል ወላጆች የአእምሮ በሽተኛ ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍርብናል ይላሉ። የቡድሃ ትምህርት ግን መዝገብ የለውም።"

"የኛ መዝገብ እንኳ ይብሳል" አለች እመምኔቷ እየሳቀች። "እስከሚቀጥለው ሕይወት ድረስ ይከተላል።" ከዚያ ወደ ሶንዎል ዞረች። "አንቺ ውረጂ፣ ልጄ። እኛ እዚህ ለራሳችን ብቻ ትንፋሽ ስንቆጥር እነዚያ እዚያ ታች ታፍነው ሊሞቱ ነው።"

በመጀመሪያው ቀን ሶንዎል "ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ" ከማለቷ አዳራሹን በሙሉ እንቅልፍ ወሰደው። አንዷ ጭራሽ አንኮራፋች። ጓደኛዋ በክርን ስትጎሽማት ብንን ብላ፣ "መልሱ ሦስት ነው!" ብላ ጮኸች። ሁሉም ሳቀ።

ይቺ ልጅ ሃሪን ትባላለች። ለፈተናው ስትቀመጥ ሦስተኛዋ ነው። እናቷ በወደብ ከተማው ገበያ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ መበለት ናት። ሃሪን ሐኪም ካልሆነች ለእናቷም ለራሷም ሌላ ዓለም የለም። ከክፍሉ በኋላ ሶንዎልን ኮሪደር ላይ አስቆመቻት።

"እማሆይ፣ ይቅርታ ስላንኮራፋሁ። ግን ይህን ያህል የተኛሁት ከየካቲት ወዲህ ዛሬ ነው። ነገም ይምጡልኝ።"

"እንቅልፍ አይደለም ያስተማርኩሽ።"

"አውቃለሁ። እርስዎ ነቅተሽ ኑሪ ነው የሚሉት። እኔ ግን ሃያ ሰዓት ነቅቼ ነው የምውለው፤ እሱንስ እኔ ላስተምርዎት እችላለሁ።"

ሶንዎል ሳቋን መያዝ አቃታት። በሳምንት ሁለቴ እየወረደች ስታስተምር ከሁሉም የበረታችው ይቺው ቀልደኛ ሆነች። ከፈተና በፊት ማስመለስ ተዋት። እርሳስ ስትይዝ የሚንቀጠቀጠው እጇ ጸና። በክረምቱ የሙከራ ፈተና ነጥቧ ሽቅብ ወጣ። ዳይሬክተሩ ፎቶዋን በትልቁ አሳትሞ ሕንፃው ፊት ሰቀለው፤ ከሥሩም "የረጋ ልብ፣ የላቀ ውጤት" አስጻፈበት።

"ምን ይመስላል?" አለቻት ሃሪን አንገቷን አንጋጣ ፎቶውን እያየች።

"ታምሪያለሽ።"

"የኔን ብጉር ይህን ያህል አጉልቶ ያየው ሰው የለም። እናቴ ብታየው ዓሣ ትሰቅልበታለች።"

በነሐሴ መጨረሻ ዳይሬክተር ኳክ ሶንዎልን ቢሮው ጠራት። የገብስ ሻይ ቀዳላትና፣ "አንድ ነገር ቢጨምሩልን" አለ። "ልጆቹ ራሴን፣ ጀርባዬን፣ ሆዴን እያሉ ጤና ክፍል ይመላለሳሉ። ግማሹ ሰበብ ነው። እዚያ በሄዱ ቁጥር የዕረፍት ቀናቸው ይቀነሳል ብዬ ደንግጌ ነበር፣ አሁንም አልተዉም። እርስዎ ስለ ሕመም የሚያስተምሩት ነገር የለም?"

ነበራት። ሕመም እንግዳ ነው፤ በር አትዝጉበት፣ አትከተሉት፤ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህንኑ አስተማረች። ትምህርቱ ውሸት አይደለም፤ ብዙ ልጆች የራስ ምታታቸው ቀለላቸው። ጤና ክፍሉም ሰው አልባ ሆነ። ዳይሬክተሩ እዚያ የምትሠራውን ነርስ አሰናብቶ ክፍሉን የመጻሕፍት መጋዘን አደረገው። ሶንዎል ይህን ስታይ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ አለፈች።

ጥቅምት ላይ ወላጆች የሚጋበዙበት ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ዳይሬክተሩ ልጆቹ መድረክ ላይ ተቀምጠው ርጋታቸውን እንዲያሳዩ ወስኗል፤ ከፊት የምትቀመጠው ሃሪን ናት። ሶንዎል ከመድረኩ ጀርባ ምንጣፍ ስትዘረጋ ሃሪን መጥታ አጠገቧ ቆመች። ፊቷ ነጣ ብሏል።

"እማሆይ፣ ሆዴን አሞኛል።"

"ቁርስ በላሽ?"

"አልገባ አለኝ። ከትናንት ጀምሮ ነው። መጀመሪያ እምብርቴ ዙሪያ ነበር፤ አሁን ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወርዷል።"

"እማሆይ!" አለ ዳይሬክተሩ በመጋረጃው ቀዳዳ አንገቱን አስግጎ። "ወላጆች ተቀምጠዋል እኮ!"

"መጣን" አለች ሶንዎል። የሃሪንን ትከሻ ያዝ አደረገች። "አየሽ፣ ቦታ ቀየረ ማለት ነው። ቋሚ ነገር አይደለም። ማንኛውም ስሜት እንዲህ ነው፤ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይሄዳል። ዝም ብለሽ እዪው።"

ሃሪን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሶንዎል ነርስ ሳለች ይህን ቃል ከታማሚ አፍ ብትሰማ ኖሮ ወዲያው አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ቀኝ ሆዷን ተጭና፣ ሐኪም ትጠራ ነበር። ከእምብርት ተነሥቶ ወደ ቀኝ የሚወርድ ሕመም ምን እንደሆነ ተማሪ ነርስ እንኳ ታውቀዋለች። ጆሮዋ ሰምቷል። ነገሩ ግን ነርሷ ጋ አልደረሰም፤ መነኩሲቷ በመንገድ ላይ ተቀበለችው።

ሃሪን መድረኩ ላይ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ሳትነቃነቅ ተቀመጠች። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከኋላ ወንበር ላይ፣ የዓሣ ሽታዬ ሰው ይረብሻል ብላ ከሌሎቹ ፈንጠር ያለችው እናቷ አፏን በመሐረብ ይዛ ታለቅስ ነበር። "ይቺ ልጅ፣ ይቺ እረፍት የለሽ" ትላለች አጠገቧ ላለችው ሴት። "ቤት ውስጥ እኮ ለምሳ እንኳ አርፋ አትቀመጥም ነበር!"

ወደ ማምሻው ወላጆች ከሄዱ በኋላ ሃሪን ሶንዎልን ደረጃው ላይ አገኘቻት። ዓይኗ ያበራል።

"እማሆይ፣ ሄደ! ሙሉ ቀን ሳየው ውዬ ድንገት ፍርጥ ብሎ ለቀቀኝ። እውነትዎን ነው ለካ!"

"ጎበዝ" አለቻት ሶንዎል፤ ደስ ብሏት ወደ ተራራው ወጣች። ሕመሙ የለቀቃት ትርፍ አንጀቷ ስለፈነዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሶንዎል የሰማችው ከልጅቷ የመኝታ ክፍል ጓደኞች ነው። ማግስቱን ሃሪንን ትኩሳት ያዛት። ጓደኞቿ ለተቆጣጣሪው እንንገርልሽ ቢሏት፣ "ተዉኝ፣ እያየሁት ነው" አለች። ቢነግሩትም የዕረፍት ቀን ከመቀነስ በቀር የሚያመጣው ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ተደፋች። ተቆጣጣሪው የተኛች መስሎት ጠረጴዛውን በዱላ መታው። አልተነሣችም። ወደ ከተማው ሆስፒታል ወሰዷት፤ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ መርዙ ግን ደሟ ውስጥ ገብቷል። ፈተናው ሳይደርስ ሞተች።

ሶንዎል ግራጫ ካባዋን ለብሳ በሆስፒታሉ ሥር ወዳለው የለቅሶ አዳራሽ ወረደች። ፎቶው ያው አዳሪ ቤቱ ፊት የተሰቀለው ነው፤ አሳንሰው ጥቁር ሪባን አድርገውበታል። የሃሪን እናት እንዳየቻት ተነሥታ በሁለት እጇ ያዘቻት።

"መጡልኝ፣ እማሆይ። ሐኪሞቹ ገርሟቸዋል፤ ይህን ሁሉ ሕመም ይዛ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸችም አሉኝ። የእርስዎ ትምህርት ነው። ስትሄድ አልፈራችም። እኔ በዚህ ነው የምጽናናው።"

ሶንዎል አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷ አሞኛል እንዳለቻት፣ የት ላይ እንዳመማት፣ እሷም ነርስ እንደነበረችና ማወቅ እንደነበረባት፣ ሳትነካት ወደ መድረክ እንደላከቻት።

እናትየዋ እጇን ለቀቀች።

"እና ለምን ነገርሽኝ?" አለች። አክብሮቷ ከአፏ ላይ ረግፏል።

"እውነቱን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ…"

"ይገባኛል? እኔ ቤቴ ይዤ የምገባው ይቺኑ አንዲት ነገር ነበር። ልጄ አልተሰቃየችም ብዬ። ይቺንም መጥተሽ ወሰድሽብኝ። አንቺ ተናገርሽና ቀለለሽ፤ እኔ ከዛሬ ጀምሮ ምኑን አቅፌ ልተኛ?"

እናትየዋ ከትሪው ላይ ለለቀስተኛ የሚቀርበውን ቀይ የሥጋ ሾርባ አንሥታ ሶንዎል ፊት አስቀመጠችው።

"ብዪ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም።" ከዚያ ሳህኑን መልሳ ወደ ራሷ ጎተተችው። "ለካስ ሥጋ አትበዪም። ነፍስ አታጠፊም አንቺ።"

ገዳሙ እንደ ሥርዓቱ ለሃሪን የአርባ ዘጠኝ ቀን ጸሎት አደረገ። በየሳምንቱ ሩዝና ፍሬ አቅርበው፣ ደወል ደውለው ስሟን ጠሩ። እናቷ አንድም ቀን አልመጣችም። መርማሪዎች ወደ አዳሪ ቤቱ መጥተው ሄዱ። ልጅቷ መታመሟን ለቤቱ ስላላሳወቀች ጥፋተኛ የለም ተባለ።

ሶንዎል ወደዚያ ቤት መውረድ አቁማለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቅጠል ስትለቅም ነፋሱ ከሸለቆው የራሷን ድምፅ ይዞላት መጣ። "ሕመም እንግዳ ነው። በር አትዝጉበት…" ቅርጫቱን ጥላ ቁልቁል ሮጠች።

"ቀርጸነው ነበር እኮ" አለ ዳይሬክተር ኳክ። እሱም ከስቷል። "ልጆቹ ያለዚያ ድምፅ አይተኙም፣ እማሆይ። ከሷ ሞት በኋላማ ጭራሽ ብሶባቸዋል። ምን ላድርግ? ላጥፋውና ሲያለቅሱ ልስማ?"

"አጥፉትና እኔ ራሴ ልምጣ። ለማስተማር አይደለም። ጤና ክፍሉን ክፈቱትና በነርስነት ልቀመጥ። ደመወዝ አልጠይቅም።"

"ነርስ ካለ ይታመማሉ" አለ፤ ዓይኗን አላየም። "ሞክረነዋል።"

በዚያ ሳምንት ሶንዎል ለመቀመጥ ሞከረች። ዓይኗን ዝቅ አድርጋ ትንፋሿን ስትከተል፣ ከትንፋሹ ሥር የራሷ ድምፅ ይመጣል፤ ቦታ ቀየረ ማለት ነው ይላል። ብትነሣም ብትቀመጥም ያው። ለእመምኔቷ ነገረቻት።

"እንግዲህ እሱንም እዪው ልልሽ ነበር" አለች አሮጊቷ፤ ቀስ ብላም፣ "ግን አልልሽም" አለች። ጉልበቷን በመዳፏ ማሸት ጀመረች።

በየካቲት ሶንዎል በሌላ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስነት ሥራ አገኘች። ልብሷን በአንድ ሻንጣ ጠቅልላ፣ በረዶ በጠጠረበት መንገድ ስትወርድ የአዲሱ ዓመት ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አዳሪ ቤቱ እየገቡ ነበር። አንዲት እናት የመኪናዋን መስታወት ዝቅ አደረገች።

"እማሆይ፣ ጤና ይስጥልኝ! የትንፋሽ ትምህርት የሚሰጡበት ቤት ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው" አለች ሶንዎል ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ። "ሲገቡ ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ልጄን ቢያማት ለማን ነው የምትናገረው ይበሏቸው።"

ሴትየዋ ከኋላ ወንበር ወደተቀመጠችው ልጇ ዞር አለች። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቃላት ታጠና ነበር።

"እሷ ደኅና ናት፤ ምንም አይነካካት" አለች እናትየዋ ቀዝቀዝ ብላ፤ መስታወቱን ዘግታ ሽቅብ ነዳች።