ከነጩ አመድ በታች

የእኛ ተራራ ግልፍተኛ ነው። ሲነሳበት እሳት ይተፋል፣ ሰፈሩን አመድ ያለብሳል፤ ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ዝም ይላል። መቼ መቼ እንደተቆጣ ማጥናት የኔ ሥራ ነው። አመዱ መሬት ውስጥ እየተነባበረ ስለሚቀር ጉድጓድ ቆፍሬ ግድግዳውን አያለሁ፤ ከታች የድሮው፣ ከላይ የቅርቡ።

ዘንድሮ የመረጥኩት የወላጆቼን ጓሮ ነው። እማዬ ከቃሪያዋ ጀርባ ያለውን ጥግ ፈቀደችልኝ። "ቃሪያዬን ብትነኪ ግን ውርድ ከራሴ!" አለች።

ቤታችን ውስጥም የማይበርድ እሳተ ገሞራ አለ፤ የእማዬ የጋብቻ ቀለበት። እኔ የተወለድኩ ዓመት ነጭ አመድ ሲወርድ፣ አባዬ ጣሪያው እንዳይደረመስ ወጥቶ ይጠርግ ነበር። እሷ እንደምትለው፣ ቀለበቱን ያዝልኝ ብላ ሰጥታው ከነአመዱ ጠርጎ ጣለው። እሱ ደግሞ በጭራሽ አልሰጠችኝም ይላል። ማን ሰምቶት! ከዚያ ወዲህ ለአባዬ ጃንጥላ እንኳ በአደራ አይሰጥም። የቤቱ ቁልፍ እማዬ አንገት ላይ ነው፤ እሱ የገዛ ቤቱን ያንኳኳል። ቢስቅበትም እንደሚከፋው አውቃለሁ።

አባዬ አፈሩን እያወጣልኝ ቆፈርኩ። ጥቁሩን አፈር፣ ስሱን ግራጫ አመድ አልፌ ነጩ ላይ ደረስኩ።

"ይቺ ያንቺ ናት" አለ በኩራት።

ከነጩ ሥር፣ ቀዩ አፈር ውስጥ፣ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ቀለበቱ!

"አባዬ፣ ነፃ ወጣህ! ከአመዱ በታች ነው። አመዱ ሳይወርድ ነው የወደቀው!"

"ያኔ የቃሪያ መደቧ እዚህ ነበር" አለ። "ስትተክል ከጣቷ ሾልኮ ነዋ!"

እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ የወጥ ቤቱን መስኮት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አመዱ ውስጥ አገኘሁት በያት።"

"አባዬ! ሳይንስ ነው እኮ!"

"ሳይንሱ ይቆየን፤ እኔ ገብቼ ምሳ መብላት አለብኝ። ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን በከንቱ ወቀስኩት ብላ ስታለቅስ ማየት አልፈልግም።"

እማዬ ጩኸታችንን ሰምታ መጣች። ቀለበቱን ስታይ በደስታ ልትወድቅ ነበር።

"ነጩ ውስጥ ነው ያገኘሽው?"

አባዬ የቤቱን ጣሪያ ማየት ጀመረ።

"ነጩ ውስጥ" አልኩ። ስለ ተራራው ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

"አላልኩህም?" አለችው።

"ብለሽኛል።"

ቀለበቱን በሽርጧ ጠረገችው። ሽርጡ በቀይ አፈር ቀላ። ሽርጧን አየች፣ ጉድጓዱን አየች፣ አባዬን ደግሞ ብዙ አየችው። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ያዝ" አለችው ቀስ ብላ። "ደግሞ እንዳትጥለው።"