የሞተ ሰው ካርድ አያወጣም

ሰፈሩ «በረዶ» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን ወፍጮ ቤት ሠርቶ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የጆሮው ፀጉር ሳይቀር ዱቄት ሆኗል። እሱ እንደሚያወራው ከሆነ፣ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ደንበኛ ተሰልፎ ሲጉላላ፣ በረዶ አንዴ በኃይል ቢያስነጥስ ድንጋዩ ብቻውን ዞሮ ግማሽ ኩንታል ፈጨ። የጎረቤት ጥቁር ድመት በዚያው ማስነጠስ ነጭ ሆና ወጣች። ባለቤቶቿም አናውቅሽም ብለው አባረሯትና እሱ ቤት ቀረች። ድመቷ ነጭ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

ሴት ልጁ ግን ከማስነጠሱ ይልቅ ሳሉን ነበር የምትሰማው። በስስ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ያን ሳል እየሰማች አድጋ፣ ትምህርት ምረጪ ስትባል የአተነፋፈስ ሕክምና መረጠች። ሰፈሩ ሳቀባት።

«ለመተንፈስ ደግሞ ኮሌጅ ይገባል እንዴ? እኛ በነፃ ስንተነፍስ የኖርነው!» አለ ባለሱቁ።

«አንተማ ስታንኮራፋ ነው የኖርከው። ስትመረቅ መጀመሪያ የምታክመው አንተን ነው» ብሎ መለሰለት በረዶ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ነገር መጣ። ኮሌጁ ክፍያ ጨመረ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ሳልህ ደንበኛ እያባረረብኝ ነው» ብሎ በረዶን የግማሽ ቀን ሠራተኛ አደረገው። ከዚያ ወዲያ የልጅቱ ሥራ ስኮላርሺፕ ማደን ሆነ። ያላነበበችው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በስልኳ ያልበረበረችው ድረ ገጽ አልነበረም። አንዱ ዕድሜሽ አልፏል አላት። ሌላው ዕድሜሽ አልደረሰም አላት። አንዱ የሚፈልገው ሯጭ ነበር። አንዱ ያለ የሌለ ማስረጃዋን ተቀብሎ ሲያበቃ፣ ማመልከቻው የተዘጋው ዓምና መሆኑን በትሕትና ገለጸላት። አንዱማ ጭራሽ ሳትወዳደር «አሸንፈሻል!» ብሎ ጻፈላት፤ ሽልማቱ እንዲላክላት ግን መጀመሪያ እሷ ገንዘብ መላክ አለባት።

«ይሄኛው ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም፤ ውሸቱ ይጣፍጣል» አለ በረዶ።

መጨረሻ ላይ አንድ ቀረ። እዚያው ኮሌጇ ውስጥ፣ ለአንድ የአተነፋፈስ ሕክምና ተማሪ እስክትመረቅ ድረስ ሙሉ ወጪዋን የሚሸፍን። የሚጠይቀው ውጤቷን፣ የአንድ መምህር የድጋፍ ደብዳቤና «ይህን ሙያ ለምን መረጥሽ?» ለሚለው አንድ ገጽ መልስ ነው። እሷም ጻፈች። ሙያው ለኅብረተሰቡ እጅግ ጠቃሚ መሆኑን፣ የማገልገል ከፍተኛ ፍላጎት እንዳላት ጻፈችና ለአባቷ አነበበችለት።

በረዶ አዛጋ። «ይሄን ያነበበ ሰው እንቅልፉ እንጂ እንባው አይመጣም።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ግደይኝ።»

«አባዬ!»

«ግደይኝ ስልሽ! አባቱ የሚያስልበት ሰው ሞልቷል፤ የማን አባት ነው የማያስል? ስሎ ስሎ የሞተ አባት ግን አንጀት ይበላል።»

እናትየው ጥግ ላይ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋ ነበር። መርፌዋን እንደ ጦር ቀሰረችበት። «አፍህ ይቆረጥ! ሞት ስሙን ጠርተውት አልሰማም ያለበት ጊዜ አለ?»

«ሞትማ የት ያገኘኛል? ስንቴ መጥቶ ግድግዳ መስዬው አልፎኛል።»

ከዚያ የጆንያ ክምሩ ላይ ተደላድሎ አሟሟቱን ያስጽፋት ጀመር። መጀመሪያ መብረቅ ፈልጎ ነበር፤ እሷ እምቢ አለች። ቀጥሎ፣ ነፍሱ ስትወጣ የወፍጮው ድንጋይ በራሱ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ በይ አላት።

«ይሄን ማንም አያምንም፣ አባዬ።»

«እሺ፣ ድንጋዩ ይቅር። ነጩን ሽፋሽፍቴን ግን ጻፊ፤ ያምራል። ደግሞ እጅሽን ይዤ ነው የሞትኩት፤ እሱን እንዳታወጪ። ‹ልጄ፣ ትንፋሽ ላጠረው ሁሉ ትንፋሽ ሁኚው› ብዬ።»

«እንዲህ ብለህ ታውቃለህ?»

«ስሞት እላለሁ።»

ልጅቱ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ዞረች፤ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ አስገባችው።

ከኮሚቴው አባላት አንዷ ተማሪዎቹ «ጸጥታ» የሚሏት መምህርት ናት። የኮሌጁን ሆስፒታል የደረት ክሊኒክ የምትመራው እሷ ናት። የታማሚ ደረት ላይ ማዳመጫዋን ስታሳርፍ «ጸጥታ!» ትላለች፤ ያኔ በመስኮቱ በኩል የሚያልፍ መኪና እንኳ ሞተሩን ያጠፋል ይባልላታል። ልጅቱ ባሸነፈች ጊዜ ጸጥታ ያንን ገጽ ክፍል ውስጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ክፍሉ በእንባ ታጠበ። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው በድምፁ ትልቅነት «ከበሮ» የሚባለው ልጅ ነበር። ተሰልፈው አቀፏት፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። እሷም እንደ ሌባ አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች።

«ስንት ሰው አለቀሰ?» አለ በረዶ ገና ከበር ስትገባ።

«ሁሉም።»

«ጸጥታም?»

«መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።»

«እሰይ! በቁሜ እያለሁ እንዲህ ያለቀሰልኝ ሰው የለም።»

በረዶ ሞቱ ተስማማው። መንገድ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ ተማሪ ካየ ጆንያውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቤት ሲገባም «ዛሬ ከመቃብሬ ወጥቼ ስንዴ ፈጭቼ ተመለስኩ» ይላል። ክፍያዋ በየጊዜው ይገባል፤ እሷም ከክፍሏ አንደኛ ወጣች።

ትንፋሹ ግን ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ ዳገቱን ተወ። ቀጥሎ ኩንታል መሸከሙን። ከዚያ ወሬው ራሱ ማጠር ጀመረ። ድሮ ከምሳ እስከ ማታ የሚዘልቀው የድመቷ ታሪክ፣ ደንበኛው፣ ሰልፉ፣ መብራቱ አንድ በአንድ ረግፈው፣ ሁለት ትንፋሽ ብቻ ሆኖ ቀረ። «አስነጠስኩ… ድመቷ ነጣች።»

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ የሳል ሽሮፕና «ወደ ደረት ክሊኒክ ይሂዱ» የሚል ወረቀት ሰጠው። ሽሮፑን ጠጣ፤ ወረቀቱን ለድመቷ አነጠፈላት። ልጅቱ የተማረችውን ሁሉ ቤት አመጣች። «በአፍንጫህ ሳብ። ከንፈርህን እንደምታፏጭ አሹልና ቀስ ብለህ አውጣው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ የምሩን ለእናትየው ያፏጭላታል።

«ከዱሮው ብሶብሃል!» ትለዋለች እናትየው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዓይኗን ትጠርጋለች።

አንድ ቀን ልጅቱ ጀርባው ላይ ማዳመጫ አሳረፈች። ከላይ የታወቀው ፉጨት አለ። በቀኝ በኩል ወደ ታች ስትወርድ ግን ምንም። አየር የማይገባበት ቦታ ምን ዓይነት ዝምታ እንዳለው ጸጥታ በደንብ አስተምራታለች።

«ነገ ክሊኒክ እንሄዳለን።»

«የሞተ ሰው ካርድ አያወጣም» አላት።

«በሌላ ስም እናወጣለን።»

«ፊቴንስ? ሽፋሽፍቴን… ጽፈሻል። አፍንጫሽም… የእኔው ነው። ሴትዮዋ… ዕውር ናት?»

«እንግዲያው እውነቱን እነግራታለሁ።»

በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣት። «ብትነግሪያት ትምህርቱ ይቀራል። ትምህርቱ ከቀረ… እኔ ለምን ሞትኩ?»

እሷ ግን ሄደች። የጸጥታ ቢሮ በር ላይ ቆማ እጇን ለማንኳኳት ስታነሳ፣ ጸጥታ ከውስጥ ወጣች። ትከሻዋን ያዝ አድርጋ፣ «ያንን ሁሉ ችለሽ አንደኛ ወጣሽ። አባትሽ ቢያይሽ እንዴት ይኮራ ነበር» አለቻት። «አመሰግናለሁ» ብላ ሄደች። ነገ እነግራታለሁ አለች። ነገም እንዲሁ አለች።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። አንድ ረፋድ ልጅቱ ለልምምድ በተመደበችበት ሆስፒታል ውስጥ የማታውቃቸውን ሽማግሌ እጅ ይዛ አተነፋፈስ ታስተምር ነበር። በዚያው ሰዓት በረዶ አየር እንዲያገኝ ደጃፍ ላይ አስቀምጡኝ ብሎ፣ ከባለሱቁ ጋር ተቀምጦ ነበር። አዲስ ወሬ ጀመረለት፤ ወፍጮ ቤት ውስጥ ስለገባ ዝሆን። ባለሱቁ ሲጠብቅ ቆይቶ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለው። ከዚያ የለም። ኑዛዜ የለ፣ ትንፋሽ ሁኚ የለ፣ የልጁ እጅ የለ። ባለሱቁ በቀብሩ ላይ «ዝሆኑ ግን ምን ሆነ?» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ከቀብሩ በኋላ ሆስፒታል ስትመለስ ጸጥታ አስጠራቻት።

«ያለ ፈቃድ የት ጠፍተሽ ነው? ታማሚዎችሽን ማን ይያቸው ብለሽ?»

«አባቴን ስቀብር ነበር።»

«አባትሽን?»

ልጅቱ እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻት፤ ጆንያውን፣ አሟሟቱን፣ ካርዱን። ጸጥታ ስለ ውሸቱ አንድም ቃል አልጠየቀቻትም።

«ደረቱን ማን ሰማው?»

«እኔ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ከላይ ፉጨት። በቀኝ ከታች… ምንም።»

«መቼ?»

«ሁለት ወር ይሆነዋል።»

ጸጥታ ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ውኃ ይሆን ነበር፣ ሌላ ነገር ይሆን ነበር፤ አሁን ማን ያውቃል? ምናልባት በመርፌ የምንቀዳው ነገር ነበር።» ድምጿ ተሰበረ። «በሬን ብታንኳኪ ኖሮ መጀመሪያ የማየው ደረቱን ነበር እንጂ ድርሰትሽን አልነበረም፣ አንቺ ልጅ።»

«ለኮሚቴው መናገር አለብኝ። ገንዘቡ ይቆማል። ይሄን ልሸፍንልሽ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን ሂጂ። እናትሽ ጋ ተቀመጪ።»

ኮሪደሩ ላይ የክፍሏ ልጆች ቆመው ነበር። ያበጠ ዓይኗን አይተው ከበቧት።

«ምን ሆንሽ?» አለ ከበሮ።

«አባቴ ሞተ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ያላቸውን ማጽናኛ ሁሉ ዓምና ጨርሰውታል። አንዷ ጫማዋን አየች፤ አንዱ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አስተካከለ። ከበሮ ብቻ አፉን ከፍቶ ቆይቶ፣ አንዳች ተንኮል ሳይኖርበት፣ በዚያ በትልቁ ድምፁ፣

«ስንት አባት ነው ያለሽ?» አላት።

ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው። ልጅቱ ግን ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ከሆዷ የወጣ ሳቅ። ደረጃውን ቶሎ ቶሎ ወረደች። ስንት አባት ነው ያለሽ! ይሄን አባዬ ሲሰማ፣ መጀመሪያ ከበሮ እንዴት አድርጎ አፉን እንደከፈተ አሳዪኝ ይለኛል፤ ቀስ ብዬ፣ ጫማዋን ካየችው ልጅ ጀምሬ ነው የምነግረው፤ አለች። አንድ ቃል እንዳይጠፋባት በልቧ እየደጋገመች ግቢውን አቋረጠች።

የግቢው በር ላይ እግሯ ቆመ።

ሰው ከኋላዋ መጣ፣ ከፊቷም መጣ። ጥበቃው የበሩን ብረት ይዞ ጠበቃት፤ ጠበቃትና፣

«እኅቴ፣ መውጣት ነው መግባት?» አላት።