ታንኳ ሠሪዋ የጎደለችበት ጨዋታ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሕንጻ ውስጥ፣ የስልክ ጨዋታ የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል የጨዋታውን ሰዎች መልክና አለባበስ የምትስለው ውብአንቺ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋን የምትወድ፣ ሳቅ የሚቀናት፣ ጠብ ካለበት ሰፈር ግን ዞራ የምታልፍ ሰው ነበረች። በዚያ ሰሞን የያዙት ሥራ በጣና ላይ የሚደረግ የታንኳ እሽቅድምድም ነበር። ደንገሉ፣ ማዕበሉ፣ ጉማሬው፣ ከደሴት ደሴት የሚዘዋወረው ነጋዴ ሁሉ በእጅዋ ተስሎ አምሮ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የተሳካላት የታንኳ ሠሪዋ የዘሀራ መልክ ነው። ዘሀራ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ልጅ ናት፤ ደንገሉን አጭዳ፣ አድርቃ፣ አስራ፣ በገዛ እጅዋ በሠራችው ታንኳ ትወዳደራለች። ድምፅዋን የሰጠቻት ደግሞ ሩቅያ የምትባል የዚያው ወገን ወጣት ናት፤ የድምፅ ሥራ ተምራ አብራቸው የምትሠራ፣ አፏን ከከፈተች ሰው ሳታስቅ የማትዘጋ ልጅ። ሩቅያ ነገሩን ለእናትዋ ነግራ፣ እናትዋ ለጎረቤት ነግረው፣ ሰፈሩ በሙሉ ጨዋታው የሚወጣበትን ቀን ይጠባበቅ ነበር።

አንድ ቀን፣ ሥራ ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ የድርጅቱ ኃላፊ አቶ ዳኝነት ውብአንቺን ለብቻዋ ጠሯት። አቶ ዳኝነት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሠራተኞቻቸውን ልደት የሚያስታውሱ፣ የታመመ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ነገር ግን ጨዋታውን ሳይወጣ ለሙከራ ካዩት ሰዎች አንዳንዶቹ ስለ ዘሀራ አጉረምርመው ነበር። ይቺን ምን አመጣት፣ እዚህም ፖለቲካ አስገባችሁ ወይ ብለዋል። አቶ ዳኝነት ይህን በዝርዝር ነግረዋት ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጎመን በጤና፣ ልጄ» አሏት። «ሰው የሚጫወተው ሊያርፍ ነው። ታንኳው ይቅር አላልኩም። ልጅቷን ብቻ ከየት እንደሆነች በማትታወቅ ልጅ ቀይሪያት። ለሩቅያም አንቺ ንገሪያት፤ ትቀርቢያታለሽ።»

ውብአንቺ ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ቤትዋ ሄደች።

ያን ምሽት እራት አላሰኛትም። በረንዳዋ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠችና፣ ሐይቁ ቀስ በቀስ ከሰማያዊ ወደ አመድማ፣ ከአመድማ ወደ ጥቁር ሲለወጥ እያየች፣ ሐሳብዋን እንደ ተተበተበ ክር ከወዲያም ከወዲህም ትጎትተው ጀመር። የአቶ ዳኝነት ፍርሃት ከመሬት የበቀለ አልነበረም፤ በስም ተነሥቶ በዱላ ያለቀ ስንት ነገር እርስዋም ሰምታለች። ደክሞት የገባ ሰው በስልኩ ትንሽ ልጫወት ቢል ምን ኃጢአት አለበት? ነገር ግን ደግሞ፣ ሰው መሳል ፖለቲካ ከሆነ፣ ዘሀራ ብቻ ለምን ትጠየቃለች? ነጋዴውን ምን አመጣህ ያለው ሰው የለም። እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ፣ መልሱ ሳይመጣ እንቅልፍ መጣና በተቀመጠችበት ወሰዳት።

በእንቅልፍዋም ውስጥ እነሆ፣ ጠዋት ሆኖ፣ ከማታውቀው የሐይቅ ዳርቻ ላይ ቆማ ነበር። ውኃው እንደ መስተዋት የጠራ፣ ነፋሱ የለመለመ ሣር የሚሸት ነበር። በአጠገብዋም ቀይ ጃንጥላ የያዙ፣ ፊታቸው የበራ፣ ከመናገራቸው በፊት የሚስቁ ባልቴት ቆመዋል።

«ሐመልማል እባላለሁ» አሏት። «ሁለት ከተማ ላሳይሽ ተልኬአለሁ። አንዱ የሚያሳዝን፣ አንዱ የሚያስቅ ነው። በሚያሳዝነውም ብትስቂ አልቆጣሽም።»

የመጀመሪያው ከተማ ስም «ነገር አይነሣብን» ይባል ነበር። ግድግዳው ሁሉ አመድማ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በየደጃፉ የተቀመጡት ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ያዛጋሉ። ውብአንቺ በአንዱ ትከሻ ላይ አጮልቃ ብታይ፣ በስክሪኑ ላይ አንዲት ኳስ በባዶ ሜዳ ትንከባለላለች እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ይህ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ ብትጠይቃቸው ወይዘሮ ሐመልማል ታሪኩን አወሩላት። ቀድሞ ይህ ጨዋታ የሞላ የገበያ ቀን ነበረ። በመጀመሪያ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረችበት፤ አንድ ሰው ቅር ስላለው ወጣች። ቀጥሎ ገበሬው የየት አገር ገበሬ ነው ተባለና ወጣ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ማን ከፊት ቆመ ተብሎ ሁለቱም ወጡ። ምግቡ ጾምን ይነካል ተብሎ፣ ዘፈኑ በማን ቋንቋ ነው ተብሎ ወጣ። ኳሷ ብቻ ቀረች።

«ታዲያ አሁን ጠብ ቀረላቸው?» አለች ውብአንቺ።

ወይዘሮ ሐመልማል ጃንጥላቸውን ወደ አደባባዩ ቀሰሩ። እዚያ ሁለት ሽማግሎች፣ ኳሷ ወደ ነጭ ታደላለች ወደ ጥቁር ታደላለች በሚል ክርክር አንገት ለአንገት ሊተናነቁ ደርሰዋል፤ ገላጋዮቹም ለሁለት ተከፍለዋል። ውብአንቺ ራስዋን መግታት አቅቷት ሳቀች፤ ወዲያውም ያዛጉት ሰዎች ፊት ትዝ አላትና ሳቅዋን ዋጠችው።

ከዚያ ኮረብታ ተሻግረው ወደ ሁለተኛው ከተማ ወረዱ። ስሙ «ኖር» ነው። ሰው ሲገባ ሌላው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ኖር» እንደሚለው፣ የከተማዪቱ ሰዎች ለሚመጣው ሁሉ ብድግ የማለት ልማድ ነበራቸው። ጎዳናው በዛፍ የተጋረደ፣ በየጥላው ሥር ትልልቅ ስክሪን የተተከለ፣ ሽማግሌው ከኮረዳ፣ ነጋዴው ከተማሪ ጋር ተፋጥጦ የሚጫወትበት፣ ጩኸቱና ሳቁ እንደ ሠርግ ቤት የደመቀ ነበር። ወይዘሮ ሐመልማል ጨዋታ ወደሚሠራበት ሰፊ ቤት ወሰዷትና፣ በአንድ ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ብቻዋን እንድትገባ ነገሯት።

ክፍሉ ግድግዳው በሙሉ ጨዋታ ነበር። የበረሃ ሰዎች፣ የወንዝ ዳር ሰዎች፣ ውብአንቺ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ወገኖች በመልካቸውና በቋንቋቸው ይሮጣሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይዋጋሉ። እያደነቀች ስትዞር አንድ ነገር ልብዋን ጫር አደረጋት። በአንደኛው ጨዋታ ውስጥ ያለው ቤት እርስዋ ያደገችበትን ቤት ይመስላል። በሌላው የሚዘፈነው የመንደርዋ የሠርግ ዘፈን ነው። በሌላው የሚለበሰው የእናትዋ ጥለት ያለው ቀሚስ ነው። የለበሱት፣ የዘፈኑት፣ በቤቱ የሚኖሩት ግን ሌሎች ናቸው። እርስዋን የምትመስል አንዲት ሴት ፈልጋ ፈልጋ፣ ከሩቅ የሚያልፍ ጀርባ ብቻ አገኘች።

በክፍሉ ጥግ ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠ ትሑት ጸሐፊ ነበርና ወደ እርሱ ሄደች።

«ቤቱ የኛ ነው፤ ዘፈኑም የኛ ነው» አለችው። «እኛስ የት አለን?»

«ቤታችሁን እጅግ እንወደዋለን፣ እመቤቴ» አላት ጸሐፊው በፍጹም ትሕትና። «እናንተን ብናስገባ ግን ፖለቲካ ይሆንብናል።»

«መኖሬ ነው ፖለቲካው?»

«የእርስዎ መኖር አይደለም። ሰው እርስዎን ሲያይ የሚናገረው ነው።»

«የሚናገረው እሱ፣ የምወጣው እኔ?»

በሕይወትዋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም፤ ሥዕል ባየችበት፣ መጽሐፍ በገለጠችበት ሁሉ እርስዋን የሚመስል ሰው ሁልጊዜ ስለነበረ፣ መኖሩን ልብ ብላው እንኳ አታውቅም። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ከወንበሩ ብድግ አለና «ኖር!» አላት። በሩም ተከፈተና ወይዘሮ ሐመልማል እየሳቁ ገቡ። የዚህ አገር ጨዋታ ሠሪ ማንም ይሁን ማን ሥራ ሳይጀምር በዚህ ክፍል እንደሚያልፍ፣ ክፍሉም ለእያንዳንዱ የገዛ ወገኑን ብቻ እንደሚያጎድልበት ገለጡላት። ጸሐፊው ራሱ በገባ ጊዜ አልቅሶ ነበር አሉ።

ውብአንቺ እንባዋን ጠርጋ፣ ከምሽቱ ጀምሮ ያስጨነቃትን ጥያቄ አወጣችው። «እንግዲህ ይንገሩኝ፣ እሜቴ። እንደ ዘሀራ ያለችውን ማስገባት ፖለቲካ ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው» አሉ ወይዘሮ ሐመልማል ያለ ማመንታት። «ማን ከማዕድ ይቀመጥ፣ ማን ደጅ ይቁም የሚለው ነገር ሌላ ስም የለውም። ግን ስታስገቢ ብቻ አይደለም፤ ስታስወጪም ነው። ያስወጣ ሰው ፖለቲካ የሠራ አይመስለውም፤ በሩ የተዘጋው በሌላ ሰው ፊት ነዋ። እኛ ቃሉን መፍራት ትተናል፤ አብሮ የመኖር ሥራ ማለት ነው፤ ሥራ ደግሞ አያሳፍርም።»

«ታዲያ ጨዋታው ስብከት አይሆንም?»

ባልቴቷ በዚህ ጊዜ እስኪያስላቸው ሳቁ። ወደ ሌላ አዳራሽ ወሰዷትና፣ ይህ ያፈርንበትን የምናስቀምጥበት ነው አሏት። ሕዝቡ ጨዋታውን ለማሻሻል በተነሣ ጊዜ፣ ሹሞቹ በየጨዋታው ከየወገኑ ሰው ይግባ ብለው አዘው ነበር። እውነትም ገባ። ነገር ግን የገቡት ሁሉ ጥበበኛ፣ ሁሉ ታጋሽ፣ ሁሉ ያዘኑ ነበሩ፤ እሽቅድምድሙ ከመጀመሩ በፊት ቆመው ስለ ወገናቸው በደል ረጅም ንግግር ያደርጋሉ፤ አይናደዱም፣ አይቀልዱም፣ አይሸነፉም። ከሁሉ በፊት የሰለቹት የተሳሉት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ተሰብስበው መጥተው፣ እኛ ሐውልት አይደለንም፣ መኮረፍም ማጭበርበርም እናውቅበታለን አሏቸው። ከዚያ ወዲህ የሚሳለው ወገን ከሠዓሊው ጎን ከመጀመሪያው ቀን ይቀመጣል፤ «እንቢ» የማለት፣ «ትንሽ ተንኮል ጨምሩልኝ» የማለትም መብት አለው።

በመጨረሻ ወደ ውኃው ዳር ወጡ። እዚያ ከሁሉ የሚበልጠው ስክሪን ተተክሎ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የታንኳ ውድድር ይዘዋል፤ ሕዝቡም ከኋላቸው ታጭቋል። በጨዋታው ውስጥ የምትቀድማቸው ታንኳ ሠሪ በየመዞሪያው ዘወር እያለች በመቅዘፊያዋ ውኃ ትረጫቸዋለች። ውብአንቺ ቀረብ ብላ፣ የልጅቷ እዚህ መኖር ይከብድዎታል ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ድሮ ተቃውሜ ነበር» አሉ ሽማግሌው ዓይናቸውን ሳያነሡ። «እኔ የምጫወተው ላርፍ ነው ብዬ አመልክቼ ነበር። አሁን ግን ማረፉም ቀርቶብኛል። ዛሬ ይቺን ልጅ ሳልቀድም ቤቴ አልገባም።»

ሁለቱ ታንኳዎች ጎን ለጎን ሆኑ። ሕዝቡ በእግሩ ቆመ፤ ወይዘሮ ሐመልማል ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ ጮኹ፤ ውብአንቺም ለማን እንደምትጮህ ሳታውቀው ጮኸች፤ በገዛ ድምፅዋም ነቃች።

ነግቶ ነበር። ወፎቹ ከዛፉ ላይ ይንጫጫሉ፤ አንገትዋ ደርቋል። ለጥቂት ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ተቀምጣ ሳቀች፤ ከዚያም ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ለሰማትም ላልሰማትም ለመንገር ቆርጣ ተነሣች። በመጀመሪያ የምትነግራቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ታውቃለች።

አቶ ዳኝነትንና ሩቅያን በአንድ ክፍል አስቀምጣ ሁሉን ነገረቻቸው፤ ትናንት የተባለውንም አልደበቀችም። ሩቅያ ይህን ስትሰማ ፊትዋ ተለዋወጠና አንገትዋን ደፋች። አቶ ዳኝነት ሕልም ማስረጃ እንደማይሆን ተናገሩ።

«አይሆንም» አለች ውብአንቺ። «ግን ታንኳቸውን ይዘን እነርሱን ብናወጣ፣ ፖለቲካውን አላወጣነውም። እኛን የማይጎዳንን ፖለቲካ መረጥን ማለት ነው። ሰው ቢያጉረመርም እመልስለታለሁ፤ ስሜ ይጻፍበት።»

አቶ ዳኝነት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ ሩቅያን ቀና ብለው ለማየት የደፈሩ አይመስሉም ነበር። ሩቅያ አንገትዋን አነሣች።

«እና ማን ቀደመ?» አለች።

«ሳላይ ነቃሁ» አለች ውብአንቺ።

አቶ ዳኝነት መጀመሪያ ሳቃቸውን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልቻሉም። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ወንበራቸውን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠጉ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፤ «ከነዘሀራ ጨርሱትና እንየው።»