መቅጃው መንተባተብ ያቆመ ዕለት

ኤሉኔድ ሪሞቱን ስትጫን ምስሉ ወዲያው መጣ።

ደግማ ተጫነች። ሌላ ጣቢያ፣ እሱም ወዲያው። ትናንት የተቀዳውን የሆስፒታል ድራማ ከፈተች፤ ወደ ፊት አስሮጠችው፣ አቆመችው፣ ወደ ኋላ መለሰችው። አንድም ቦታ አልተንተባተበም። ላለፉት አምስት ሳምንታት ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው መቅጃ ሣጥን ቁልፍ ተጭና ሻይዋን ሁለቴ ፉት እስክትል ድረስ አይንቀሳቀስም ነበር። ዜና አንባቢዋ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ትቀራለች፤ ከዚያ ያመለጣትን ለማካካስ ያህል ትንጣጣለች።

«ሠራኸው እንዴ?» አለች ኤሉኔድ ወደ ኩሽናው ዞር ብላ።

ባሏ ጌቲን የተጠበሰ ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባ ነበር። ቀና አላለም።

«ምኑን?»

«መቅጃውን ነዋ።»

«እኔ እንጃ። ራሱ ተስተካክሎ ይሆናል።»

ኤሉኔድ ሪሞቱን እንደያዘች ቆማ አየችው። ጌቲን ሠላሳ አራት ዓመት በስልክ መሥሪያ ቤት ቴክኒሺያን ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አንድ ነገር ጠግኖ ዝም ብሎ አያውቅም። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጎማ የቀየረ ጊዜ እሷን ከመኝታ ቤት ጠርቶ አሳይቷት፣ ጎረቤት ጠርቶ አሳይቶ፣ አሮጌውን ጎማ ሳይቀር ለሦስት ቀን መስኮቱ ላይ አስቀምጦት ነበር። «ራሱ ተስተካክሎ ይሆናል» የሚል ቃል በሠላሳ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ከአፉ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

«ዛሬም አትክልት ቦታ ትሄዳለህ?»

«ከምሳ በኋላ። ሽንኩርቱን ልየው ብዬ።»

ውጭ ዝናቡ መስኮቱን እየደበደበው ነበር።

ኤሉኔድ በላኔሊ ከተማ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ናት። ለሦስት መቶ ሃያ ልጆች ምሳ ታበስላለች። የዚያን ዕለት ማክሰኞ ስለነበር ቋሊማና የድንች ገንፎ ነበር፤ ድንቹን ከብሮንዌን ጋር እየፈጩ የጠዋቱን ነገር አነሳችላት። ብሮንዌን አብራት አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች፣ የሰው ትዳር ሲፈርስ በዓይኗ ካላየች የማይነጋላት ሴት ናት።

«ታዲያ ተስተካከለ እንጂ ተበላሸ አላልሽም» አለች ብሮንዌን።

«እሱ እኮ ነው ነገሩ። ሲበላሽ ምንም አልመሰለኝም። ሠርቶት ለምን ይደብቀኛል?»

«ማክሰኞ ማክሰኞ የት ነው የሚሄደው ያልሽኝ?»

«አትክልት ቦታው።»

«በኅዳር? በዚህ ዝናብ?» ብሮንዌን መፍጫውን አቆመች። «የእህቴ ባል ጥሎ ሊሄድ ሲል መጀመሪያ የወሰደው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሹካ። በሳምንት አንድ አንድ። እህቴ ደግሞ ልጆቹ ከትርፍራፊ ጋር የሚደፉት መስሏት እነሱን ትቆጣ ነበር።»

«ጌቲን ሹካ ምን ያደርግለታል?»

«ምን ያደርግለታል አላልኩም። እያወጣ ያለውን ነገር እይ ነው የምልሽ። እነዚያ ሣጥኖች የራሳቸው የኢንተርኔት ገጽ አላቸው፤ ወንድሜ ለኛም አስገብቶልናል። የሣጥኑን ቁጥር በስልክሽ ጻፊና ግቢ። በሆዱ ያለውን ሁሉ ይዘረግፍልሻል።»

«ቁጥሩን ከየት አመጣለሁ?»

«ያንቺ ባል የማይጽፍበት ዕቃ አለ እንዴ?»

አልነበረም። ከሥራ ወጥታ ቤት እንደገባች ሣጥኑን ከቦታው ሳብ አድርጋ ጀርባውን ስታይ፣ በጌቲን ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፍ ቁጥሩ ነጭ ፕላስተር ላይ ሰፍሯል። ግን ከዚያ በፊት ሌላ ነገር አይታ ነበር። የጭቃ ቡት ጫማው በጓሮው በር ሥር ቆሟል፤ ደረቅ ነው። ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ሻንጣው አለ፤ ሸሚዞቹም አሉ። ለጸሎት ቤት የሚያደርገው ጥቁር ጫማ ግን የለም።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቁጥሩን ስልኳ ላይ ጻፈች።

ገጹ ተከፈተ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ ተደርድሯል፤ በአብዛኞቹ ጎን ትንሽ የቁልፍ ሥዕል አለ። ትርጉሙን ታውቀዋለች። ሣጥኑ የሚቀዳውን ሁሉ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ከራሱ በቀር ሌላ ቴሌቪዥን አያነበውም። አንድ ዓመት ለገና በዓል ለእህቷ ድራማ ገልብጣ ልትወስድላት ብላ ጌቲን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይህንኑ አስረድቷት ነበር። «ቀድሞ መፈታት አለበት፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጣጣ ነው» ብሏት እህቷ ሳታይ ቀረች።

አሁን አርባ አንዱ ተፈትተዋል።

አንድ በአንድ አነበበቻቸው። የራግቢ ግጥሚያ። የእንፋሎት ባቡሮች። ራግቢ። የወንዶች መዘምራን። በቶዊ ወንዝ ላይ ስለ ዓሣ ማጥመድ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነገር። እንደገና ራግቢ። ከእሷ ድራማዎች አንድም የለም፤ የኬክ ውድድሮቿ፣ እሁድ እሁድ አብረው የሚያዩት የወንጀል ምርመራ እንኳ እንደተቆለፉ ናቸው። ከታች፣ «በመፈታት ላይ፦ ሠላሳ ስምንት ከመቶ» ይላል። ከእሱ ሥር ደግሞ፣ «ፍጥነት ዝቅተኛ፤ ሰው እያየ ከሆነ ይጠብቅ።»

እንግዲህ መንተባተቡን ያቆመው ይህ ነው። ጌቲን መፍታቱን አልተወም፤ እሷ እንዳታውቅበት አድርጎ አለዘበው እንጂ።

ከዚህ ቤት ለማይወጣ ነገር መፍታት ለምን ያስፈልጋል? የራሱን ብቻ ለይቶ የሚፈታ ሰው ወዴት ሊሄድ ነው? መጀመሪያ «አቁም» የሚለውን ነካች፤ መቶኛው ቆመ። ቀጥሎ አርባ አንዱን አንድ ላይ መረጠች፤ «ሰርዝ» የሚለው ቀይ ሆኖ መጣ። ጣቷን ከላዩ ላይ ይዛ ቆየች። ከዚያ ስልኩን ሶፋው ላይ በፊቱ ደፍታው ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ጌቲን አመሻሹ ላይ መጣ። ካፖርቱን ሲሰቅል እሷ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነበር።

«ሽንኩርቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። መሬቱ ግን ጭቃ ብቻ።»

«ጫማህ ይመሰክራል።»

ጌቲን ጫማውን አየ። ያበራል።

ኤሉኔድ ስልኩን ወደ እሱ ገፋችለት። ዝርዝሩን አየ፤ እሷን አየ፤ ወንበር ስቦ ካፖርቱ በእጁ እንዳለ ተቀመጠ።

«ማናት?» አለችው።

«ማን?»

«ራግቢና ባቡር የምትወደዋ።»

ጌቲን ሊስቅ የፈለገ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ግን አልሳቀም።

«ሴት አይደለችም። ሃዌል ነው።»

ይህ ስም በዚያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አልተጠራም። ሃዌል የጌቲን ታላቅ ወንድም ነው። እናታቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የኖሩት በእነ ኤሉኔድ የኋላ ክፍል ነበር፤ በመጨረሻ መዋጥ አቅቷቸው ኤሉኔድ ከሥራ እየመጣች ሾርባ በሻይ ማንኪያ ታጎርሳቸው ነበር። በቀብራቸው ቀን፣ ሰው ሁሉ በጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሳንድዊች ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ሃዌል ድምፁን ከፍ አድርጎ «እናቴ በረሃብ ነው የሞተችው፤ እዚች ሴትዮ እጅ ላይ» አለ። ልጆቻቸውን የምታበላላቸው ወላጆች ሁሉ እዚያ ነበሩ። ማንም ምንም አላለም። ከሳምንት በኋላ ኤሉኔድ ከቤቱ አልበም የሃዌልን ፎቶዎች በመቀስ ቆርጣ አወጣቻቸው።

«የት ነው ያለው?» አለች።

«ካማርዘን ከተማ፣ መጦሪያ ቤት። በሰኔ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰው። ቀኝ ጎኑ ሞቷል። አይናገርም።»

«ከሰኔ ጀምሮ ታውቃለህ ማለት ነው።»

«ከነሐሴ። ጎረቤቱ ደወለልኝ። ስሄድ ግድግዳ እያየ አገኘሁት። አልጋው ፊት ቴሌቪዥን አለ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ዕቃ የሚሸጥበት ጣቢያ ነው የሚከፍቱለት። ፍላሽ እንደሚቀበል አየሁና...»

«ጫማህን ወልውለህ እየሄድክ፣ እኔን ሽንኩርት ትለኛለህ።»

«ብነግርሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ግን አልነገርከኝም።»

«ፈራሁ።»

«ምኑን? እንዳላስኬድህ?»

ጌቲን ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈ። «እንዳትሰርዢያቸው።»

ኤሉኔድ ዓይኗን ወደ ስልኩ ጣለች። ጌቲን ደግሞ የተቆጣች መስሎት ነገሩን ማለስለስ ጀመረ።

«እንደዚያ ዓይነት ሰው ነሽ ማለቴ አይደለም። ግን ፎቶዎቹን... አንድ አልቀረም እኮ፣ ኤሉኔድ። እኔና እሱ በልጅነታችን ብስክሌት ላይ ያለነው እንኳ።»

«እሱን ተወው።»

«እሺ።»

«ያውቅሃል?»

«ያውቀኛል። ሁለታችን የነበርንበት ግጥሚያ አለ፤ በዝናብ አንድ ካፖርት ለሁለት ለብሰን ያየነው። በቀደም ዕለት እሱን ሳሳየው በግራ እጁ እጅጌዬን ያዘኝ። እስኪያልቅ አልለቀቀኝም። መዋጥም አቅቶታል አሁን። በማንኪያ ነው የሚያጎርሱት። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ነኝ የማጎርሰው። ግማሹ አገጩ ላይ ይቀራል።»

ኤሉኔድ ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ይህን እንድትነግረኝ እሱ ነው የላከህ?»

«መናገር አይችልም አልኩሽ።»

«በዓይኑ የሚልክም አለ።»

«ማንም አልላከኝም። ስምሽንም አላነሳሁለትም።»

አመነችው። ማመኗ ግን አላስደሰታትም፤ ቀኑን ሙሉ ያዘጋጀችው ንዴት የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ተነሥታ ሻይ ቀዳችለት። በመጠኑ ቀዝቅዟል፤ እሱም አላጉረመረመም።

«አንዱን ለመፍታት ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንዲህ በቀስታ ሲሄድ ሁለት ቀን። ሦስትም ይሆናል፤ አንቺ ስታዪ ይቆማልና። መጀመሪያ በመካከለኛ ፍጥነት፣ በቀን አንድ ያህል እንዲፈታ ለቅቄው ነበር፤ ሣጥኑ አቅም የለውም፣ እሱን ሲፈታ ሌላውን ሁሉ ያንቀዋል። አንቺ ደግሞ ማጉረምረም ጀመርሽ። ያኔ ነው የስልክ ሥራ ላይ እንደምናደርገው፣ መስመሩ ነጻ ሲሆን ብቻ እንዲሄድ...» እጁ በአየር ላይ መስመር መሥራት ጀምሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያልተናገረው ሁሉ ሊወጣ ሲል ራሱን ገታ።

«ያለ ገደብ ቢሆንስ?»

«አንዱ ሦስት ሰዓት ያህል።»

«ስንት ቀረህ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ኤሉኔድ በልቧ አሰበችው። አሥራ ዘጠኝ፣ አንዱ በሁለት ወይም በሦስት ቀን። የገና በዓል አልፎም አያልቅም።

«ሐኪሞቹ ምን ይላሉ? እስከዚያ ይቆያል?»

«ለገና ወደዚህ ላመጣው ይቻል እንደሆነ ነርሷን ጠይቄያት ነበር...» ብሎ ድንገት አቆመ፤ ወደዚህ ማለቱ አሁን ነው ለራሱ የተሰማው። «አላስቸግርሽም ነበር፤ ለአንድ ቀን ብዬ ነው። ለማንኛውም መልስ አልሰጠችኝም። ዝም ብላ አንሶላውን አስተካከለች።»

ሳሎን ቴሌቪዥኑ ድምፁ ዝቅ ብሎ በርቷል። ማስታወቂያ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የምትወደው ድራማ ይመጣል፤ የባለፈው ሳምንት ክፍል ልብ አንጠልጥሎ ነው ያለቀው።

ኤሉኔድ ስልኩን አነሳች። ገጹ ያቆመችበት ላይ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ከመቶ።

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት» አለች። «ሌላም ላደርግ ነበር።»

ጌቲን አያት፤ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም።

«ገደቡን የሚያነሳው የቱ ነው?»

«ከላይ፣ በስተቀኝ ያለው። ግን ቴሌቪዥኑ ጨርሶ አይታይም ያኔ። ቢያንስ ለሁለት ቀን።»

«ሰማሁ።»

ነካችው። ከዚያ «ቀጥል» የሚለውን ነካች። መቶኛው ዓይኗ እያየ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሳሎን ውስጥ የማስታወቂያው ሙዚቃ ተቆራረጠና ቆመ።

«ይቅር ብላሃለች ብለህ እንዳትነግረው» አለች። «አላልኩም።»

«ምን ልበለው ታዲያ?»

ኤሉኔድ ወደ ሳሎን ሄዳ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ተመለሰች።

«መቅጃውን ለቃልሃለች በለው።»