በስሜ ፓምፑን ያጠፋው

እኔ ሰው ሲያማኝ ዝም የምል ሴት አይደለሁም። ጂንካ ያለ ሁሉ ይህን ያውቃል። ያን ሰሞን ግን አፌ ተሳሰረ። ምን ብዬ ልናገር? ወረቀቱ ላይ ያለው የእኔ ስም ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከከተማው ጫፍ፣ ከነሪ ወንዝ ወዲህ፣ ሰላም በር የሚባል የውሃ ማኅበር አለን። እኔ አስካል እዚያ የፓምፕ ኦፕሬተር ነኝ። ድሮ ሥራችን ማብሪያውን መጫን፣ ታንከሩ ሲሞላ ደግሞ ሮጦ ማጥፋት ነበር። አምና ኮምፒውተር ገባልን። አሁን ጉድጓዱም፣ ታንከሩም፣ ወደ ሰፈር የሚወርደው መስመርም ስክሪን ላይ ይታያል። በማውዝ ጠቅ ስታደርገው ፓምፑ ይነሳል፣ ጠቅ ስታደርገው ይጠፋል። ማን አስነሳ፣ ማን አጠፋ የሚለውንም ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል።

ታዲያ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፓምፑ ስድስት ጊዜ ያለ ምክንያት ጠፋ። ሰፈሩ ጀሪካን ደርድሮ ይውላል። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ተፈሪ መዝገቡን ሲያወጡት ስድስቱም ላይ «ያጠፋው፦ አስካል» ይላል።

የወንድሜ ልጅ ደግሞ የውሃ ቦቴ ይነዳል። በቃ! «ቦቴው ገበያ እንዲደራለት ነው የምትዘጋው» ተባልኩ። አጥር የምንጋራው ሙሉሽ፣ ልጆቻችንን አብረን ያሳደግነው ሙሉሽ፣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ስታልፍ ፊቷን አዞረችብኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «እህት አስካል፣ ነገሩ እስኪጣራ ከመዘምራን ትንሽ ዕረፊ» አሉኝ። ከሥራ መባረሩን እችለዋለሁ፤ ጉልት ይዤም ቢሆን እኖራለሁ። ስሜ በውሃ ሌባነት ሲነሳ መስማት ግን አንጀቴን ቆረጠው።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። ሲስተሙን የገጠመልን ልጅ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ በማግስቱ በአውሮፕላን ነው የተመለሰው። «ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን መግቢያ እሠራለሁ» ብሎ ከእኔ ጀመረ፤ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በረራው ደረሰ። «የሌሎቹን አዲስ አበባ ሆኜ በኢንተርኔት እጨርሰዋለሁ» አለና አንቴና ያላት ትንሽ ሳጥን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ እየጨረሰ ነው! አራታችንም ኦፕሬተሮች ቀንም ሌሊትም በእኔ ስም ስንገባ ስንወጣ ዓመት ሞላን። ደምሰው የሚባለው ባልደረባዬ የይለፍ ቃሉን ስለሚረሳ ስሜንም ቃሉንም በማርከር ጽፌ ከስክሪኑ ሥር ለጠፍኩለት። መጥረጊያውን እንደምንጋራው ስሜንም ተጋራነው።

ይህን ለአቶ ተፈሪ አልነገርኳቸውም እንዳትሉ። ነግሬያቸዋለሁ! «ጓደኞችሽ ይመስክሩልሽ» አሉኝ። ጓደኞቼ ዝም አሉ። መመሪያው በሰው መግቢያ የተጠቀመ ይባረራል ይላል፤ ሁሉም ልጅ ያሳድጋል። ደምሰው መሬት መሬቱን ነው ያየው። ፍርሃቱ ገባኝ፤ ይቅር ግን አላልኩትም።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ማኅበሩ ቢሮ ተሰበሰበ። አራታችንም ተጠርተናል። ፓምፑ እየሠራ ነው፤ የፓምፕ ቤቱ ተቆልፎ ቁልፉ ከዘበኛው ከጋሼ ዶላሞ ጋር ቀርቷል። አቶ ተፈሪ መነጽራቸውን አድርገው የመዝገቡን ስድስት መስመር አንድ በአንድ አነበቡ። በእያንዳንዱ ላይ «አስካል» ሲሉ አንድ ጊዜ ቀና ብለው ያዩኛል።

«የምትይው አለ?»

«አለ እንጂ! አላጠፋሁም!»

«ከዚህ ሌላ?»

ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? ጸሐፊው የስንብት ደብዳቤዬን ቀድሞ ጽፎት ኖሮ ፋይሉ ውስጥ ጫፉ ይታየኛል። ይሄኔ የአቶ ተፈሪ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ዶላሞ ናቸው፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ስልክ ላይ ይጮሃሉ፣ ሁላችንም ሰማናቸው።

«አለቃ! ሞተሩ ዝም አለ!»

«ማን ገባ?»

«ማን ይገባል? ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው! በሩ ላይ ተቀምጫለሁ!»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔም ሁለት እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው።

«ይኸው እጄ! እዩት! በየትኛው ጣቴ ነው ያጠፋሁት?»

ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋና ደምሰው ተነሳ። «አቶ ተፈሪ፣ እሷ እውነቷን ነው። ሁላችንም በአስካል ስም ነው የምንገባው። ፈርቼ ነው እስካሁን ያልተናገርኩት» አለ። ሌሎቹ ሁለቱም ተነሱ። አቶ ተፈሪ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ «ባጃጅ ጥሩ!» አሉ።

በሁለት ባጃጅ ተጠቅጥቀን ወጣን። ጋሼ ዶላሞ በሩን ከፈቱልን። ወንበሩ ባዶ ነው። መዝገቡ ላይ ስብሰባ ከተቀመጥንበት ሰዓት በኋላ «ያጠፋው፦ አስካል» የሚል አዲስ መስመር ተጨምሯል። ይባስ ብሎ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የማውዙ ቀስት ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች! ማውዙን የነካው የለም፤ ቀስቷ ግን ቀስ ብላ ወደ ታንከሩ ሄደች፣ ቆመች፣ ወደ መስመሩ ተመለሰች። ሰው ቤቴ ገብቶ ዕቃዬን ሲበረብር የማይ መሰለኝ።

«በኢየሱስ ስም!» ብሎ ጮኸ ደምሰው፣ እጁን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ። «ውጣ! ልቀቅ!»

«አንተ፣ ሰይጣን ኢንተርኔት ይፈልጋል እንዴ?» አልኩትና ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። ገመዱን ተከትዬ ያችን አንቴና ያላትን ሳጥን አገኘኋት። መብራቷን ቦግ እልም ታደርጋለች። ዘጠኝ ቀን የተጠራቀመ ንዴቴን ሁሉ ሰብስቤ ነቀልኳት። ቀስቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ሃሌሉያ!» አለ ደምሰው። አሁንም ጸሎቱ የሠራ ነው የሚመስለው።

አቶ ተፈሪ ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዙና ዳርጌ የሚባል የኮምፒውተር መምህር አስጠሩ። ስድስት ሰዓት ላይ በሞተር መጣ፤ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ልጅ ነው።

«ሰው በዚህች ሳጥን በኩል ከሩቅ ይገባ ነበር» አለ። «የይለፍ ቃሉን ማን ማን ያውቃል?»

«እኛ ብቻ!» አልን በአንድ አፍ።

ከስክሪኑ ሥር ያለውን ወረቀት አየና መቼ እንደተለጠፈ ጠየቀ። ሲስተሙ ከተመረቀበት ቀን በፊት አልኩት። ስልኩን አወጣ፣ ትንሽ ጎረጎረና ወደ እኛ አዞረው። የማኅበራችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ያለ የምረቃችን ፎቶ ነው። አቶ ተፈሪ ያኔ የቦርድ አባል ነበሩ፤ መቀስ ይዘው ሪባን ይቆርጣሉ። እኔ በሐበሻ ቀሚስ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሜ ጥርሴ ሁሉ እስኪታይ ስቄያለሁ። ዳርጌ በሁለት ጣቱ አሰፋው። በክርኔና በስክሪኑ መካከል ወረቀቷ ቁልጭ ብላ ታየች፦ ስሜ፣ ቃሉ። ያኔ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሳጥን ላይ የተለጠፈው የኢንተርኔት አድራሻም ይነበባል።

«ለዓለም ሁሉ ቁልፉን ሰጥታችኋል» አለ። «እንዲህ ያለ ክፍት በር ፈልገው የሚገቡ አሉ። ይህኛው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። መጫወቻ አድርጓችኋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ያን ፎቶ ዮርዳኖስ የምትባለው የሕዝብ ግንኙነታችን መጀመሪያ ስታነሳኝ ዓይኔ ተጨፍኖ ስለነበር «እንደገና አንሺኝ» ያልኳት እኔ ነኝ። «ገጹ ላይ ልጠፊልኝ» ብዬ የጨቀጨቅኳትም እኔው። አቶ ተፈሪ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መቀስ ይዞ የቆመውን ራሳቸውን አዩና ዘጉት። ሳቄ መጣ። ስስቅ እሳቸውም ሳቁ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ጋሼ ዶላሞ ምን እንደተባለ ባይሰሙም ሳቁ። ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ያኔ ነው የወረደው።

ፎቶው ወረደ፣ ወረቀቷ ተቀደደች። ሳጥኗም እንደተነቀለች ቀረች። ዳርጌ ለአራታችንም የየራሳችንን መግቢያ ሠራልን። ተራዬ ሲደርስ «ቃልሽን ጻፊ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደምሰው አንገቱን ሲያሰግግ «ወዲያ!» አልኩት። እሱም ዞረ። ከዚያ ይቅርታ አለኝ፤ ፊቱን እንኳ ሳይመልስ፣ ለግድግዳው። ይሁን፣ ተቀበልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓምፑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ወለሉ በእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። መዝገቡ ላይ «ያስነሳው፦ አስካል» የሚል መስመር ወጣ፤ ጣቴን አስጠግቼ ሁለቴ አነበብኩት።

ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው፣ ስልኬ ጮኸ። ሙሉሽ ናት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልደወለችልኝም። ከኋላዋ የጀሪካን ኳኳታና የሴቶች ጫጫታ ይሰማል።

«አስካልዬ፣ መጣ! ውሃው መጣ!»

«አሁን ነው አስካልዬ?» አልኳት።

ውሃው ጀሪካኑ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ሰማሁት። «አቶ ተፈሪ በየቦኖው እየዞሩ ይነግሩናል። ሰው ፊት ነው የተናገሩት፣ ስምሽን ጠርተው» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «የለቀቅሽውስ አንቺ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት፤ እንባዬ አመለጠኝ። «ዛሬስ እውነትም እኔ ነኝ።»

«እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ውሃሽን ቅጂ!» አልኳት። እሷም እያለቀሰች ነበር።