አራት ነጥብ

«እና መጽሐፉ ላይ ያለችው ክፉ አክስት እሷ ናት?» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት፣ ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

«ኧረ ቀስ በይ! ልጅቷ ትሰማሻለች» አለቻት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት።

ልጅቷ ሰምታለች። ልጅቷ የሚሏት የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት፤ ግን እዚህ ሕንፃ ውስጥ ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ሚጣ ስለሆነች፣ ሽበት ብታበቅልም ሚጣ ናት። ትናንት አክስቷን የቀበረችበትን ልብስ እንደለበሰች ሶፋው ጥግ ተቀምጣ፣ የሰጧት ቡና እጇ ላይ እየቀዘቀዘ ነበር። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰቡ ወንበሮች ተጣቧል፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። ለቀስተኛው ይገባል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ለወጉ ትንሽ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ ውሃ መጥፋት ማውራት ይጀምራል።

የሴትየዋ ጥያቄ ሚጣን ያንገበገባት ሐሜት ስለሆነ አይደለም። መልሱ «አዎ» ስለሆነ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሚጣ የመጀመሪያ ልቦለዷን አሳተመች። እናቷ የሞተችባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። ልጅቷን የእናቷ ታላቅ እህት ወስዳ ታሳድጋታለች፤ አክስቲቱ ግን ድንጋይ ናት። እህቷ ስትሞት እንባ ጠብ አይላትም፤ በቀብሩ ማግስት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሥራ ትሄዳለች። አንድ ዝናባማ ቀን ጃንጥላ የያዘ ዓይነ አፋር ሰውዬ ደጃፏ ድረስ ሲመጣ፣ ግባ እንኳ ሳትለው ትመልሰዋለች። ልጅቷ ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ታያለች። ታድጋለች፣ ታፈቅራለች፣ አንድ ቀን ከዚያ ቤት ትወጣለች፤ ዞራም አታይ።

መጽሐፉ ተወደደ። ሰዎች ሚጣን መንገድ ላይ እያስቆሙ «ያቺ አክስትሽ አንጀቴን አሳረረችው!» ይሏት ነበር። «አክስትሽ» ሲሏት «ልቦለድ እኮ ነው» ብላ አርማቸው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ግልብጥ ብለው መጡ። አክስቷ፣ እትዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበረች። ሚጣ እትዬ የምትላት እናቷ እንደዚያ ስትጠራት ሰምታ ነው፤ ባልደረቦቿ ግን «አራት ነጥብ» ነበር የሚሏት። እሷ አንዴ ከተናገረች ወዲያ ወሬ የለማ!

«የቀን መቁጠሪያውን ንገራቸው እስቲ» አለች አንዲት ወረቀት ቆራጭ።

የማሽን ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ማሽኑ ተነስቷል፣ ወረቀቱ ገብቷል፣ አለቃ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። አራት ነጥብ መጥታ ማሽኑ ፊት ቀጥ አለች። ‹ደግሞ ምን ተገኘ?› አላት። ‹ሳምንቱ ሁለት ማክሰኞ አለው› አለችው። ‹አሁን ይሄን ማን ያየዋል?› ቢላት፣ ‹እሺ፣ አንተ በሁለተኛው ማክሰኞ ሥራ ትገባለህ ወይስ ታርፋለህ?› አትለው መሰላችሁ!»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ሚጣም ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ያዘች። ይህችን ሰዎችን የምታስቅ ሴት አላውቃትም ነበር እንዴ? አልጻፈቻትም፤ ያ እርግጥ ነው።

ከሰዎቹ መሃል ያልሳቀው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር። ፊደል ለቃሚው። የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀመ ገጽ ሲሠራ ዕድሜውን የፈጀ፣ የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሮ የቀረ ሰው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሚጣን ብቻ ያያል። ዓይኑ ውስጥ ቅያሜ ያለ መስሏት ፊቷን አዞረች።

መጽሐፉን ለእትዬ የወሰደችላት ቀን ትዝ አላት። የታተመው እዚያው እትዬ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ሚጣ ግን ለአሳታሚው «በሞቴ፣ ሌላ አራሚ ያንብበው» ብላ ለምና፣ «እሺ» ብሏት ነበር። ስለዚህ እትዬ መጽሐፉን ያን ቀን ነው የምታየው ብላ አምና፣ አንዱን ቅጂ ይዛ ገባች። እትዬ ካልሲ ትጠቅም ነበር። መርፌውን አስቀምጣ መጽሐፉን ተቀበለች፤ ሽፋኑን በመዳፏ አበስ አደረገችው።

«ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንድ አራት ነጥብ አምልጧል» አለች። ወደ ካልሲዋም ተመለሰች።

ሚጣ ደሟ ፈላ። ስድብ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ጥፊም ቢሆን ትችለው ነበር። ነጥብ! ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ስለዚያ መጽሐፍ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። የእትዬ ልብ ሲደክምና ሚጣ ጓዟን ጠቅልላ ልታስታምማት ስትመለስ፣ በእነዚያ ስምንት ወራት እንኳ፣ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ አላነሱትም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች ሚጣ ቀን ስትቆጥር፣ እትዬ አንድ ረፋድ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አረፈች።

በሁለተኛው ቀን ሚጣ የቡናውን ፔርሙስ ልትሞላ ወደ ኩሽና ስትገባ፣ ፊደል ለቃሚው ባዶ ሲኒዎች ሰብስቦ ከኋላዋ መጣ።

«ጋሼ፣ ይተዉት፤ እኔ አነሳዋለሁ።»

«ላግዝሽ እንጂ። ደግሞ መልእክት አለኝ።» ሲኒዎቹን ማጠቢያው ውስጥ አኖረ። «ማተሚያ ቤቱ የመታሰቢያ ወረቀት ሊያትምላት ነው። አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ። ጸሐፊ ቤታችን እያለ ለማን እንስጥ ብለን ነው።»

ሚጣ ውሃውን ዘጋችው። «እኔ? እኔ ስለሷ የጻፍኩትን አላነበቡም?»

«አንብቤዋለሁ። ፊደሉን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ያረመችው ደግሞ እሷ ናት።»

«አይደለም። ሌላ አራሚ ነው ያረመው።»

«ለሌላ ተሰጥቶ ነበር፤ እውነትሽን ነው። ልጁ ሃያ ገጽ አንብቦ ተናዶ መጣ። ‹አራት ነጥብ፣ ስምሽን እያጠፋችው ነው፤ አስወጪው በያት!› አላት። ከእጁ ተቀብላው ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቴ! የመንግሥት ደብዳቤ እንኳ ሁለቴ ነበር የምታነበው።»

ሚጣ ማጠቢያውን ተደገፈች። «ምን አለች?»

«ምንም ነገር አላስወጣም አለች። ‹ያየችውን ነው የጻፈችው። እኔ የማርመው ፊደል ነው› አለች። ከዚያ ደግሞ...» ሽማግሌው ፈገግ አለ። «‹ደግሞስ አክስቲቱ ደግ ብትሆን መጽሐፉ ይቆማል?› አለችን። ኮራችብሽ እኮ! የመጀመሪያውን ጥራዝ በየክፍሉ እያዞረች ‹የኔ ልጅ ናት› ስትል ሰው ግራ ገባው። እየተሰደበች ትኩራራለች አሉ።»

ሚጣ ያቺን ቀን ደግማ አየቻት። መጽሐፉን ተቀበለች፣ ሽፋኑን በመዳፏ አበሰች፣ «ገጽ መቶ አሥራ ሁለት» አለች። ሳትገልጠው! ያን ጊዜ ንዴቷ ዓይኗን ጋርዷት ይህችን ነገር አላስተዋለቻትም ነበር።

«አንድ ነጥብ አምልጧት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት እሷ አሳልፋው የታተመ ስህተት ያ ብቻ ነው። መቶ አሥራ ሁለት ላይ ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ?»

ታስታውሳለች። እናቲቱ የምትሞትበት ገጽ ነው።

«እዚያ ስትደርስ ሦስቴም መነጽሯን አውልቃ ወጣች» አለ ለቃሚው። «የእናትሽ ቀብር ማግስት ሥራ ገባች ብለሽ ጽፈሻል። ገብታለች። ወረቀት መጋዘኑ ውስጥ ከጥቅል ወረቀት ኋላ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር፣ ወር ሙሉ። ከዚያ ፊቷን ትታጠብና ወደ ቤት። ‹ልጅቷ ፊት ከፈረስኩ ምን ይዛ ትቆማለች?› ትለን ነበር።»

ከሳሎን አንድ ሰው ውሃ ጠየቀ። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ያ ሰውዬስ?» አለች ሚጣ። ለምን እንደጠየቀች አላወቀችም።

«እኔ ነኝ» አለ ሽማግሌው። «ጃንጥላ ግን አልነበረኝም። በስብሼ ነው የመጣሁት። ጃንጥላውን አንቺ ነሽ የጨመርሽልኝ፤ እግዜር ይስጥሽ።»

ሚጣ መሳቅም ማልቀስም አቃታት።

«ሌላ ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ሥራ አግኝቼ ነበር። እንጋባና አብረን እንሂድ ልላት ነው የመጣሁት። በሩ ላይ ቆማ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ትናንት ተናገረች› አለችኝ። አንቺን ነው። አምስት ወር ዝም ብለሽ ከርመሽ የተናገርሽው በዋዜማው ነው። ‹አሁን ቤት ቀይሬ፣ አገር ቀይሬ መልሼ ድዳ አላደርጋትም› አለችኝ። እንባዋ እስከ አገጯ ይወርዳል። አንቺ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነሽ ጀርባዋን ነው ያየሽው። እኔ ፊቷን።»

ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። «ሄድኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሚስት ይዤ ተመለስኩ፤ ከጎኗም ሌላ ሃያ ዓመት ሠራሁ። ባለቤቴም ታውቃለች። የሚታፈርበት ነገር አልነበረውም።»

ሚጣ ያን ቀን ለለቀስተኛው ቡና ማን እንደቀዳ አታውቅም። ኩሽና ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ሽማግሌው የማያውቀውን እሷ ታውቃለችና።

እናቷ ከሞተች በኋላ ሚጣ ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር። እትዬ በየምሽቱ ከማተሚያ ቤት የተበላሹ የልጆች መጻሕፍት ገጾችን ይዛ ትመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታነብላት ነበር። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ግን አነባበቧ ተበላሸ። ቀበሮዋን ዶሮ ትላለች። ንጉሡን ጫማ ሰፊ ታደርገዋለች። ባሕሩን ተራራ ትለዋለች። ፊቷ አይፈገግም፣ ድምጿ አይለወጥም፤ ቀጥ ብላ ትሳሳታለች። ሚጣ ገጹን ታያለች፣ እትዬን ታያለች፣ ውስጧ ይበግናል። ሦስት ወር እንደዚህ ሆነ። አንድ ምሽት እትዬ «ዝሆኑም ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ...» ስትል ሚጣ ዓይኗ እስኪፈጥ ጮኸች፤ «ጦጣ ነው የሚለው!»

እትዬ ገጹን አየች። «እውነትሽን ነው» አለች። «አመሰግናለሁ።» ተነስታም ወጣች።

ያ ታሪክ በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ ነበር። ሚጣ ራሷ ቆርጣ ጣለችው። አክስቲቱን አለሰለሰባት። አንባቢ እንዲያለቅስ ድንጋይ ያስፈልጋት ነበር፤ ጦጣው ደግሞ ድንጋዩን እየሰነጠቀ አስቸገራት። ሌላው ሁሉ፣ መጋዘኑም ደጃፉም፣ ያላየችው ነው። ልጅ ነበረች፤ ይቅር ይባላል። ይህን ግን አይታው፣ ሆናው፣ በእጇ ነው የሠረዘችው።

እና እትዬ ያቺን መጽሐፍ ሦስቴ ስታነብ ጦጣውን ፈልጋው ይሆን?

በሦስተኛው ቀን ሚጣ ለቀስተኛው ሳይበዛ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። ሰው ይገባል፤ ብድግ ብላ ትሳማለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች። ልቦለድ ስትጽፍ ቀን ሙሉ አንዲት አረፍተ ነገር ስታሻሽል የምትውል ሴት፣ አሁን እጇ አልቆመም። መጋዘኑን ጻፈች። በዝናብ የበሰበሰውን ሰውዬ፣ ስሙን ሳትጠራ ጻፈች። ሁለቱን ማክሰኞዎች ጻፈች። ጦጣውን ጻፈች። «ይህች ሴት አንዲትን ልጅ በስህተት ወደ ንግግር የመለሰች አራሚ ናት» ብላ ጻፈችና አልሠረዘችውም። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ፣ በአንድ መጽሐፍ ላይ ደረቅ ሆና የተሳለችው አክስት እሷ እንደነበረች፣ ሥዕሉ ግን ጀርባዋን ብቻ እንደሚያሳይ ጻፈች፤ «ሠዓሊዋም እኔ ነኝ» ብላ በስሟ ፈረመች።

የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አነበበች። «ሚጣዬ፣ ይሄን ሰው ሁሉ ሊያነበው እኮ ነው» አለቻት።

«መጽሐፉንም ሰው ሁሉ አንብቦታል» አለች ሚጣ።

አሥር ሰዓት ላይ ፊደል ለቃሚው መጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ መነጽሩን አጠለቀ፤ በጠቆረ ጣቱ መስመር በመስመር እየተከተለ አነበበ። ዝናቡ ጋ ሲደርስ ጣቱ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ቀጠለች። ጨርሶም መነጽሩን አወለቀ።

«ደህና አድርገሽ ጽፈሻታል» አለ። «ነገ ጠዋት ማሽን ይገባል። አንዲት ነገር ብቻ። ‹ሀዘን› የምትለዋ ቃል ሁለት ቦታ ላይ አለች፤ አንዷን በሀሌታው ሀ፣ አንዷን በሐመሩ ሐ ነው የጻፍሻት። በየትኛው ትሁን?»

ሚጣ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። እውነቱን ነው። ግንባሯን ቋጠረች።

«ቆይ፣ አንዴ» አለች።

ተነሳች። ለቀስተኞቹ እግራቸውን ሰብስበው አሳለፏት። ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረች ኮሪደሩን ይዛ ሄደች፤ ከጫፉ ባለው የእትዬ መኝታ ቤት፣ በተዘጋው በር ፊት ቆመች። ሁለት ጊዜ አንኳኳች።